አይሱዙው ይሸጥና የአውሮፓ ሕግ ልማር?

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 26 ነው። ከአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቄ አሁን አዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት ነገረ ፈጅ ሆኜ እሠራለሁ። ቤተሰቦቼ ጅማ አካባቢ ናቸው። አባቴ ቡና አቅራቢ ነው።

ዘንድሮ ኔዘርላንድ ካለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአውሮፓ ሕግ ማስተርስ እንድማር ተቀባይነት አገኘሁ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ዓመት ይፈጃል። ክፍያው ወደ 20 ሺህ ዩሮ ይጠጋል። ኑሮው ለብቻ ነው። አባቴ «ልጄ የአውሮፓ ጠበቃ ልትሆን ነው» ብሎ ሰፈሩን አዳርሷል። አይሱዙውን ሊሸጥልኝም ደላላ አናግሯል። መኪናው ላይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ግን አኩርፏል። «የአውሮፓን ሕግ ተምረሽ እዚህ ማንን ልትከሺበት ነው?» ይለኛል። አክስቴ ደግሞ «ዋናው መውጣቱ ነው፤ ሌላው እዚያ ይታያል» ትላለች።

በዚያ ላይ የአባቴ ሥራ እንደ በፊቱ አይደለም። ላኪዎቹ «የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ በጂፒኤስ አስለክተህ አምጣ» እያሉት ተማሯል። የቅድሚያ ክፍያው ቀነ ገደብ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዲግሪው ምን ሥራ ያስገኛል? አይሱዙው ይሸጥ?

ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አይሱዙው ላይ ቆምኩ። በሁለተኛው ጂፒኤሱ ላይ። አንቺ እግረ መንገድሽን ነው የጠቀስሻት። ለኔ ግን የደብዳቤሽ ዋና ነገር እሷ ናት። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ እቅጩን ልንገርሽ። በዚህ ዲግሪ የአውሮፓ ጠበቃ አትሆኚም። የአውሮፓ ጠበቃ የሚባል ነገር ስለሌለ ነው። የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ አገር ነው፤ በራሱ ሕግና በራሱ ቋንቋ። ኔዘርላንድ ውስጥ ጠበቃ ለመሆን የአገሩን ሕግ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ መማር ያስፈልጋል። ዲግሪሽ እነሱ «ሲቪል ኤፌክት» የሚሉትን፣ ለጥብቅና የሚያበቃውን የትምህርት መስፈርት፣ ማሟላት አለበት። ከዚያ በነባር ጠበቃ ሥር ሦስት ዓመት ልምምድ አለ። ጀርመን ደግሞ ሁለት የመንግሥት ፈተና አለ፤ በመካከላቸው የሁለት ዓመት የተግባር ሥልጠና። የአንድ ዓመት ማስተርስ ይህን ሁሉ አይተካም።

«አንድ አገር ጠበቃ የሆነ ሌላው አገር ሄዶ መሥራት ይችላል» ሲሉ ሰምተሽ ይሆናል። እውነት ነው። ከ1998 ጀምሮ ይህን የሚፈቅድ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ አለ (ዓመቶቹን ሌላ ካላልኩሽ በቀር በፈረንጆቹ ያዢልኝ፤ የአገራችን አዋጆች ቁጥር ላይ ያለው ዓመት ግን በኛ አቆጣጠር ነው)። ግን መመሪያው ለኅብረቱ አገሮች ዜጎች ነው። በዚያ ላይ አስቀድሞ ከኅብረቱ አገሮች በአንዱ ጠበቃ መሆን ይጠይቃል።

ይህን የምነግርሽ ከራሴ አይቼ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ቤልጅየም ሄጄ ይህንኑ ትምህርት ተምሬያለሁ። ስጨርስ ብራስልስ ላሉ የሕግ ቢሮዎች ማመልከቻ በተንኩ። አብዛኞቹ መልስም አልሰጡኝ። አንዱ ቢሮ ግን ሁለት መስመር ጻፈልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ፈረንሳይኛና ደች ይችላሉ?» ይላል። ሁለተኛው «የየትኛው አገር ጠበቃ ነዎት?» ይላል። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ማመልከቻውን ከመበተኔ በፊት እኔ ራሴን ልጠይቀው የሚገባኝን ነው የጠየቁኝ።

ታዲያ ትምህርቱ ከንቱ ነው? በጭራሽ። ከተማርኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደሱ የወደድኩት የለም። ለምን እንደሆነ በአንድ የመብራት ሒሳብ ላስረዳሽ።

በ1962 ጣሊያን የኤሌክትሪክ ኩባንያዎችን ወረሰች፤ በመንግሥት ድርጅት ሥር ጠቀለለቻቸው። ሚላን ውስጥ ፍላሚንዮ ኮስታ የሚባል ጠበቃ ነበረ። ከተወረሱት ኩባንያዎች በአንዱ ውስጥ አክሲዮን ነበረው። ተናደደና የመብራት ሒሳቡን አልከፍልም አለ። ሒሳቡ 1,925 ሊሬ ነበር፤ እዚህ ግባ የማይባል ገንዘብ። ክርክሩ የተጀመረው በአነስተኛ ጉዳዮች ዳኛ ፊት ነው። ኮስታ ግን «ውርሱ ጣሊያን በ1957 ሮም ላይ የፈረመችውን የአውሮፓ ማኅበረሰብ ውል ይጥሳል» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ላለው የማኅበረሰቡ ፍርድ ቤት ላኩት። በሐምሌ 1964 መልሱ መጣ። የጋራው ሕግ ከአባል አገር ሕግ ይበልጣል፤ በኋላ በወጣ ሕግም ቢሆን አይሻርም ተባለ። ዛሬ የ27 አገሮች ዳኞች የሚመሩበት መርሕ የተነሣው ሒሳብ አልከፍልም ካለ ሰው ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ አንድ የደች የማጓጓዣ ድርጅት ነበረ። ከምዕራብ ጀርመን ባስገባው ኬሚካል ላይ ቀረጡ ከ3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ስላደገበት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም «ውሉ የመንግሥታት ብቻ አይደለም፤ ተራው ሰውም መብቱን በአገሩ ፍርድ ቤት ሊጠይቅበት ይችላል» አለ። ወንድምሽ ኳስ የሚወድ ከሆነ የቦስማንን ጉዳይ ንገሪው። ቤልጅየማዊው ተጫዋች ኮንትራቱ አልቆ ወደ ፈረንሳይ ክለብ ሊሄድ ሲል የዝውውር ገንዘብ ተጠየቀበት። ተከራከረ፤ በታኅሣሥ 1995 ረታ። ዛሬ ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች በነጻ የሚዘዋወረው በሱ ክርክር ነው። «ማንን ልትከሺበት ነው» ላለሽ ጥሩ ጅምር ይሆንሻል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ለይተሽ ያዢ፤ እኔ የመጀመሪያው ሳምንት አፍሬበታለሁ። ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ነው። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሌላ ነው። የስትራስቡርጉ የኅብረቱ አይደለም፤ 46 አገሮች ያሉበት፣ የአውሮፓ ምክር ቤት የሚባል የሌላ ድርጅት ነው። ክፍል ውስጥ አደባልቄ ስናገር አስተማሪው ፈገግ ብለው «ባቡሩን ተሳስተዋል» አሉኝ።

ሌላው ደስ የሚለው ነገር፣ አንቺ ባዶ እጅሽን አትሄጂም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ስለዚህ ውልን፣ ከውል ውጪ ኃላፊነትን፣ ንብረትን የምታስቢበት መንገድ ለነሱ እንግዳ አይደለም። አንቀጽ 2028ን በቃልሽ የያዝሽ ልጅ የፈረንሳይ ተማሪ የሚለው ይገባታል። በፍርድ ላይ ተመሥርቶ ሕግ ማንበብንም ከሰበር ችሎት ለምደሽዋል። አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከወጣ ወዲህ የሰበር ትርጉም አስገዳጅ ነውና። የሚከብድሽ ሌላ ነገር ነው። የሉክሰምበርግ ፍርዶች አንቀጾቻቸው ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ ደረቅ ብለው የተጻፉ ናቸው። ዳኞቹ እርስ በርስ የሚሠሩት በፈረንሳይኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የምታነቢው አብዛኛው ትርጉም ነው። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ ያመጣል። ወር ሁለት ወር ታገሺው።

አሁን ወደ ሥራው።

ስለ ኅብረቱ መሥሪያ ቤቶች ብዙ አልልሽም። ቋሚ ሠራተኛ ለመሆን የአባል አገር ዜግነት ይጠየቃል። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዘሽ ውድድሩ ውስጥ አትገቢም። ክፍት የሆነው የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን የአምስት ወር ልምምድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር ይጀምራል። አበል ይከፈላል። የኅብረቱ ዜጋ ላልሆኑም ጥቂት ቦታ አለው። አመልካቹ ግን እልፍ ነው፤ ሞክሪ፤ ሕይወትሽን ግን አትንጠልጥይበት። አዲስ አበባ ያለው የኅብረቱ ልዑክ ጽሕፈት ቤትም የአገር ውስጥ ሠራተኞች ይቀጥራል። ይህንን ብዙ ሰው አያስበውም።

የንግድ ውድድር ሕግ ገንዘቡ ያለበት መስክ ነው። ኮሚሽኑ በ2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ በኋላ ፍርድ ቤት ትንሽ ቀነሰለት። እንዲህ ዓይነት ቅጣት ባለበት አገር የሕግ ባለሙያ ሥራ አያጣም። ብራስልስ ያሉት ትላልቅ ቢሮዎች የሚኖሩት በዚህ ነው። ግን ከላይ ወደ ነገርኩሽ ሁለት መስመር ይመልሱሻል።

የግል መረጃ ጥበቃ ለአንቺ የተሻለ ነው። የአውሮፓው ደንብ ከግንቦት 2018 ጀምሮ ይሠራበታል። የሰውን መረጃ በስፋት መከታተል ዋና ሥራቸው የሆነ ድርጅቶች ይህን የሚከታተል ሰው እንዲሾሙ ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ የጥብቅና ፈቃድ ግዴታ አይደለም። የኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥታለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታነቢያቸው ወንድማማች ይመስላሉ። የኛ ባንኮች፣ ቴሌኮሞች፣ የጤና ተቋማት ይህንን የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። በንግድ ውድድሩም እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ «የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም» የሚለውን ስታገኚ፣ ብራስልስ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የተከራከሩበት ሐሳብ መሆኑን ታውቂያለሽ። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጠበቆች ተሰባስበው የሕግ ድርጅት ማቋቋም ይችላሉ። ድርጅቶቹ ከውጭ ባለሀብት ጋር ሲቀመጡ ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቢኖር አይጠሉም።

ማስተማርና ምርምርም አለ። ኔዘርላንድ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝተኛ ነው። ውጤትሽ ካማረና ጥሩ ጥያቄ ይዘሽ ከመጣሽ፣ ይህ በር ከጥብቅናው በር ይሰፋል።

ጥሩ ጥያቄ ካልኩ ዘንድ ወደ ጂፒኤሱ እንመለስ። ጥያቄውስ አባትሽ ግቢ ውስጥ አለልሽ።

አባትሽን ያማረረው የአውሮፓ ሕግ ነው። ቁጥሩ 2023/1115 ነው። ከደን ጭፍጨፋ ጋር የተያያዘ ምርት ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ ነው። ቡና አለበት፤ ካካዎ፣ ከብት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይትና እንጨትም አሉበት። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ተጨፍጭፎ በታረሰ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አይገባም ይላል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ጊዜ ሁለቴ ተገፍቷል። ገዢዎቹ ግን ቀኑን ቆመው አልጠበቁም። ለዚህ ነው ላኪዎቹ አባትሽን የሚያጣድፉት።

ደንቡ የሚለውን ቀረብ ብለሽ እይው። አንቀጽ 9 ላይ ቡናው የበቀለበት ማሳ ሁሉ መገኛው ይቅረብ ይላል። የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል። ከ4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ዙሪያ ገባው መለካት አለበት። ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል። የኛ ገበሬ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ታዲያ አባትሽ ለትንንሾቹ ማሳዎችም ዙሪያቸውን እያስለካ ገንዘብ እያወጣ ከሆነ፣ ላኪው ከሕጉ በላይ እየጠየቀው ነው ማለት ነው። ምናልባት ገዢው ጠይቆት ይሆናል፤ ምናልባት አንቀጹን ያነበበለት ሰው የለም። አየሽ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማንበብ ብቻ የስንት ቀን ድካም ታድናለች።

ሌላም ልጨምርልሽ። ደንቡ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደን ምን ማለት እንደሆነ ይናገራል። ከግማሽ ሄክታር የሰፋ፣ ከ5 ሜትር የረዘመ ዛፍ ያለበት፣ የዛፉ ጥላ ከመሬቱ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍን መሬት ነው ይላል። አሁን ጅማን አስቢ። ቡናው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን የጅማ ገበሬ ጓሮ ግማሹ ደን ነው! ግን ይኸው አንቀጽ ዝቅ ብሎ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሰብል የሚለማበት መሬት እንደ እርሻ ይቆጠራል ይላል። ታዲያ የጫካ ቡናስ? ማንም ያልተከለው፣ ከጥንት ጀምሮ በደኑ ውስጥ የበቀለው፣ ገበሬው ሥሩን እየመነጠረ የሚለቅመውስ? ደን ነው ወይስ እርሻ? ገበሬው ቡናው ፀሐይ እንዲያገኝ ብሎ ሁለት ዛፍ ቢያሳሳ ደን ጨፈጨፈ ይባላል? ከሳተላይት የሚያይ ሰው ምን ይላል? ይህ የአንድ ማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ነው። የሐምቡርግ ልጅ ቢጽፈው ከመጽሐፍ ነው የሚጽፈው። አንቺ የጓሮውን ዛፍ በስሙ ታውቂዋለሽ።

ደግሞ ልብ በይ፤ ሕጉ አባትሽን አያውቀውም። ግዴታው የወደቀው ቡናውን ኅብረቱ ገበያ ላይ በሚያውለው አስመጪ ላይ ነው። አስመጪው ላኪውን ይይዛል። ላኪው አቅራቢውን። አቅራቢው ጀንፈል ያመጣለትን ገበሬ። ከመቶ ገበሬ የተሰበሰበ አንድ መጋዘን ሲገባ፣ የአንዱ ማሳ ካልታወቀ የሁሉም ጭነት ይበላሻል። ስለዚህ እዚህ ታች ያለው ነገር በሙሉ የሚወሰነው በውል ነው። የማስለኪያውን ወጪ ማን ይችላል? የተሰበሰበው መረጃ የማን ነው? አባትሽ አስለክቶ ለላኪው ከሰጠ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ላኪ መሸጥ ቢፈልግ መረጃውን ይዞ መሄድ ይችላል? ይህን የሚመልስ ወረቀት አባትሽ እጅ የለም ብዬ እገምታለሁ። በቃል ነው የሚሠሩት፤ ቡና ንግድ ላይ እምነት ትልቅ ነገር ነው። እምነቱ ግን የጂፒኤስ ቁጥር አይሸከምም።

ደንቡ በኅብረቱ 24 ቋንቋዎች ታትሟል። በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ። በማልታ ቋንቋ ሳይቀር ታገኚዋለሽ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ግን ከ24ቱ ውስጥ አይደሉም። ጅማ ያደግሽ ልጅ ነሽና አፋን ኦሮሞ ሳትችይ አትቀሪም። ሕጉን አንብቦ ለላኪው በአማርኛ፣ ለገበሬው በአፋን ኦሮሞ፣ ለሐምቡርጉ አስመጪ በእንግሊዝኛ ማስረዳት የሚችል የሕግ ሰው ስንት አለ? ላኪዎች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ የልማት ድርጅቶች፣ የአውሮፓ አስመጪዎችም ጭምር የሚፈልጉት እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ብራስልስ ውስጥ አንቺ አንድ ተጨማሪ አመልካች ነሽ። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ብዙ ተፎካካሪ የለሽም።

ስለዚህ ትምህርቱን ተማሪው እላለሁ። አውሮፓ ውስጥ ጠበቃ ለመሆን ግን አይደለም። ከዚያ የሚመጣውን ሕግ እዚህ ሆኖ ማንበብ የሚችል ሰው ለመሆን ነው። የምትመርጪያቸውን ኮርሶችም በዚህ ዓይን ምረጪ። የውስጥ ገበያ ሕጉ፣ የውጭ ንግዱ፣ የአካባቢ ሕጉ፣ የመረጃ ጥበቃው ይበጅሻል።

አይሱዙው ግን አይሸጥ።

ይህን የምልሽ አስልቼ ነው። 20 ሺህ ዩሮው ትምህርቱ ብቻ ነው። ለመኖሪያ ፈቃዱ ለወር ከ1,000 ዩሮ በላይ እንዳለሽ ማሳየት አለብሽ፤ ለዓመት አባዢው። መኪናው ተሽጦም አይሞላ ይሆናል። ሲቀጥል መኪናው ቆሞ የተቀመጠ ሀብት አይደለም። የወንድምሽ እንጀራ ነው። በቡና ወቅት የአባትሽ እግር ነው። አንቺ ተምረሽ ስትመለሺ የምትሠሪበት ንግድ ራሱ በዚያ መኪና ነው የሚንቀሳቀሰው። ወንድምሽ ያኮረፈው በአንቺ ቀንቶ አይመስለኝም። ማንም እሱን አላማከረውም። ደላላ ከመጠራቱ በፊት እሱ መጠራት ነበረበት። ይህን አባትሽ ላይ ሳይሆን አንቺው ላይ አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም አባትሽን «አባባ፣ ቆይ» ማለት የምትችዪው አንቺ ነሽ።

አክስትሽንም አልንቃትም። ከተመረቅሽ በኋላ ኔዘርላንድ ሥራ የምትፈልጊበት የአንድ ዓመት ፈቃድ ትሰጣለች። ያ እውነተኛ ዕድል ነው። አስመጪ ድርጅት፣ የቡና ነጋዴ፣ የመረጃ ጥበቃ ክፍል ሊቀጥርሽ ይችላል። ግን «እዚያ ይታያል» ብሎ በተሸጠ መኪና መሄድና በስኮላርሺፕ መሄድ አንድ አይደለም። ዕዳ ያለበት ሰው የመጀመሪያውን ሥራ ይይዛል። ሕግ ተምሮ ምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥብ ሰው አውቃለሁ፤ ሥራው አያሳፍርም፣ ግን ለዚያ 20 ሺህ ዩሮ አይከፈልም።

የሚከፍልልሽ ፈልጊ። ኤራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የኅብረቱ የማስተርስ ፕሮግራም ላይ ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው ክፍያው ይሸፈንለታል፤ በወር 1,400 ዩሮም ይሰጠዋል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ስኮላርሺፕ የሚሰጠውን የጀርመኑን ድርጅት ዳአድን ተመልከቺ። ጀርመን ራሷም ከኔዘርላንድ ትረክሳለች። ሳርብሩከን ያለው የአውሮፓ ኢንስቲትዩት በ1951 የተቋቋመ፣ የአውሮፓ ሕግ የሚያስተምር ነው፤ ክፍያውን ከያዝሽው ጋር አስተያዪው። ማመልከቻሽ ላይ «ሁልጊዜ ሕግ እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። በአባትሽ መጋዘን ጀምሪ። ጀንፈሉን፣ ጂፒኤሱን፣ ስድስቱን አኃዝ ጻፊ። አንባቢው ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አያስቀምጠውም።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የምታነቡ አውሮፓ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች አላችሁ። ለናንተ መልሴ ሌላ ነው። ልጃችሁ እዚያው ያደገ፣ ቋንቋውን የሚችል፣ ፓስፖርቱን የያዘ ከሆነ የተዘጉት በሮች ለሱ ክፍት ናቸው። ግን በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የአውሮፓ ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻውን ጠበቃ አያደርገውም። የአገሩን ሕግ አብሮ እንዲይዝ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ምከሩት። ሦስተኛው ዓመት ላይ መንቃት ውድ ነው።

አሁን አንቺ በሦስት ሳምንት ውስጥ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤሽን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፍልሽ እንደሆነ ኢሜይል ጻፊ። ብዙ ጊዜ ይቻላል። ባይቻል እንኳ አንዴ የተቀበለሽ ሁለተኛም ሊቀበልሽ ይችላል። ቅዳሜ ጅማ ውረጂ። ወንድምሽን ይዘሽ አባትሽ መጋዘን ግቢ። ስንት ገበሬ ጀንፈል እንደሚያመጣለት፣ የስንቱ ማሳ እንደተለካ፣ ለመለኪያው ማን እንደከፈለ፣ መረጃው ማን እጅ እንዳለ በደብተር ጻፊ። ደላላውን ደግሞ አባትሽ ራሱ ይደውልለት። ደላላ ሰው ነውና ሌላ ገዢ ይዞ ከመምጣቱ በፊት።